በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠራ የእንጨት ዕቃ ቤት፦ ብዙ ክረምት እንዲያልፍ ብሩ የት ላይ ይዋል?

ግንቦት ተጋምሶ ደመናው ጦሳ ተራራ ላይ መቀመጥ ሲጀምር በደሴ ብዙ ሰው ወደ ጓሮው ዞር ብሎ ማሰብ ይጀምራል። ማገዶው የት ይግባ? የከሰሉ ጆንያስ? ዶማው፣ አካፋው፣ የልጆቹ ብስክሌት፣ ከቤት ጥገና የተረፈው ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ሳይቀር ክረምቱን ውጭ ሊያድር አይችልም። ዋናው ቤት ጠቧል፤ በብሎኬት ላሠራ ብሎ የተነሳ ሰውም የሲሚንቶውንና የፌሮውን ዋጋ ሲሰማ ይመለሳል። የሚቀረው እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ “በሁለት በሦስት ክረምት ይበሰብሳል” የሚል ስም ወጥቶለታል።

ስሙ ግማሽ እውነት ነው። በአግባቡ የቆመ እንጨት ካቆመው አናጺ ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ አቋቋሙ ከተበላሸ ግን ውድ የተባለውም እንጨት ከርካሹ ብዙም ሳይለይ ይፈርሳል። ከዚህ በታች የሚብራራው ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ፣ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰውም ብሩን በየትኛው የቤቱ ክፍል ላይ ቢያውለው እንደሚሻል ነው። ዕቃ ቤት የምንለውም ሰው የማያድርበት፣ ስፋቱ ከ2 በ3 ሜትር እምብዛም የማያልፍ፣ በጓሮ የሚቆም የእንጨት ቤት ነው።

ለመሆኑ እንጨት የሚበሰብሰው ለምንድን ነው?

“ውሃ እንጨት ያበሰብሳል” ይባላል። አባባሉ ትክክል ቢመስልም በዳዩን አያሳይም። እንጨቱን የሚበላው ውሃው ሳይሆን ሕይወት ያለው ፈንገስ ነው፤ እንጀራ ላይ የምናየው ሻጋታም የፈንገስ ወገን ነው። እንጀራ እርጥብ እንደሆነ በሞቀ ቦታ ከተቀመጠ በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ያው እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ከሆነ ግን ወራት ያልፋል። እንጀራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በውስጡ ያለው እርጥበት ብቻ ነው። የእንጨትም ነገር እንዲሁ ነው።

ፈንገሱ ለመኖር ምግብ፣ አየር፣ መጠነኛ ሙቀትና እርጥበት ያስፈልገዋል። ምግቡ ራሱ እንጨቱ ነው፤ አየሩንና ሙቀቱን መከልከል አንችልም። ልንነፍገው የምንችለው እርጥበቱን ብቻ ነው። በእንጨት ውስጥ ያለው የውሃ ክብደት፣ እንጨቱ ፍጹም ደርቆ ቢመዘን ከሚኖረው ክብደት 20 በመቶ በታች ሲሆን ፈንገሱ ሥራ ይፈታል፤ ወደ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲወጣ ግን ይፋፋማል። ስለዚህ ዝናብ የመታው እንጨት ሁሉ ይበሰብሳል ማለት አይደለም። ጠዋት ረጥቦ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚያደርቀው ጣውላ ለዓመታት ይቆማል፤ ረጥቦ ለሳምንታት የሚቆየው ግን፣ ዝናብ በቀጥታ ባይመታውም እንኳ፣ ከውስጥ መበላት ይጀምራል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። እንጨት ሲታይ ድፍን ይመስላል እንጂ ውስጡ የሸምበቆ እስር ነው፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል ያመላልስባቸው የነበሩት ቀጫጭን ቧንቧዎች ከተቆረጠም በኋላ አሉ። ውሃ በእንጨቱ ጎን ቀስ ብሎ ይገባል፤ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ግን የቧንቧዎቹ አፍ ክፍት ስለሆነ በፍጥነት ይመጠጣል። የቤት ቋሚ እርጥብ መሬት ላይ የሚያርፈው ደግሞ በዚሁ አፉ በተከፈተው ጫፍ ነው።

ቋሚው ሁልጊዜ ከመሬቱ ልክ ላይ የሚሰበረው ለምንድን ነው?

ይህን በራሴ ጓሮ ባላየው ኖሮ በቀላሉ የማምነው አይመስለኝም። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ ያሠራሁት ዕቃ ቤት በሦስተኛው ክረምት ማብቂያ ላይ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ጀመረ። እንጨቱን በርካሽ በመግዛቴ ራሴን እየወቀስኩ፣ ቤቱን አፍርሶ በሌላ እንጨት እንዲሠራልኝ አንድ ሽማግሌ አናጺ ጠራሁ። ሰውየው ግን ለማፍረስ አልቸኮለም። ከኪሱ ሰንጢ አወጣና ቋሚውን ከመሬቱ ልክ ላይ ወጋው፤ ስለቱ እንደ ተቀቀለ ድንች እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ቀጥሎ አንዱን ቋሚ ቆፍሮ ነቀለና አጋደመልኝ። ግማሽ ሜትር ያህል ተቀብሮ የነበረው ጫፉ ጠንካራ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር የነበረው ጫፉም እንዲሁ። በመሐል፣ መሬቱና አየሩ በሚገናኙበት ቦታ ብቻ፣ አንድ ስንዝር የማይሞላ ቡናማ፣ በጣት ሲነካ እንደ ቂጣ ፍርፋሪ የሚረግፍ ክፍል ታየ። “አብሽር ልጄ” አለኝ፤ “ቤቱ አልሞተም። የታመመው ቁርጭምጭሚቱ ነው።”

የሆነው ነገር ከላይ ከተነገረው ጋር ይገጥማል። ወደ ጥልቁ ሲወረድ እርጥበት አለ፤ አየር ግን ያጥራል። ከመሬት በላይ አየር ሞልቷል፤ እንጨቱ ግን ቶሎ ይደርቃል። ሁለቱም በበቂ መጠን የሚገናኙት ከመሬቱ ልክ ትንሽ ከፍና ትንሽ ዝቅ ባለው ስንዝር ላይ ነው፤ ፈንገሱም ማዕዱን የሚዘረጋው እዚያ ነው። የአጥር እንጨት ሲወድቅ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ተቆርጦ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። ገጠር ያደገ ሰው ጎተራን ያውቃል፦ እህሉ የሚቀመጥበት ጎተራ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በድንጋይ ወይም በአጫጭር እግሮች ላይ ከፍ ብሎ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ክዳኑም ከግድግዳው አልፎ ይወርዳል። ጎተራውን የሠሩት ሰዎች ስለ ፈንገስ ባይተነትኑም ከእርጥበት የሚሸሽ ነገር እንዴት እንደሚቆም ያውቁ ነበር። ለእህሉ ያሰብነውን ለቤቱ እንጨት አለማሰባችን ያስገርመኛል።

ታዲያ ቋሚውን በሲሚንቶ ብቀብረውስ?

ይህ በጣም የተለመደ አሠራር ነው፤ በጣም የተለመደ ስሕተትም ነው። እርጥብ እንጨት በኮንክሪት ሲታቀፍ መጀመሪያ ጥብቅ ይላል። ሲደርቅ ግን ስለሚቀጥን በእንጨቱና በኮንክሪቱ መሐል የጣት ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ ኮንክሪቱ ስኒ፣ ቋሚው ደግሞ በስኒው ውስጥ የቆመ ማማሰያ ይሆናል ማለት ነው፤ በግድግዳው የሚወርደው ዝናብ ወደ ስኒው ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ለሲሚንቶ የወጣው ገንዘብ እንጨቱን ውሃ ውስጥ ለማቆም ዋለ ማለት ነው።

የሚሻለው ሲሚንቶውን ከእንጨቱ በታች ማድረግ ነው። በየማዕዘኑ ጉድጓድ ተቆፍሮ በድንጋይና በኮንክሪት ይሞላል፤ ኮንክሪቱ ከመሬቱ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ሳይደርቅም ጥንድ ፌሮ ወይም ወፍራም የላሜራ ቁራጭ ይተከልበታል። ቋሚው በዚያ ላይ ቆሞ በብረቱ ይታሰራል። ሲሚንቶ የማይገዛ ሰው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ በጥሩ ሁኔታ አስቀምጦ ቋሚውን ከላይ ቢያቆም ያው ጥቅም አለው፤ በወሎ ደጋ እንዲህ ያለ ድንጋይ ፈላጊ አያጣውም።

ነገር ግን ያልተቀበረ ቋሚ ራሱን ችሎ አይቆምም። የተቀበረ ቋሚ ቤቱ በነፋስ እንዳይወዛወዝ መሬቱን ተደግፎ ይይዛል፤ ድንጋይ ላይ የቆመው ግን ይህ ድጋፍ ስለሌለው በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው በሰያፍ የሚመታ እንጨት ሊኖረው ይገባል። አናጺው “ይህ ለምን ያስፈልጋል?” ቢል እንኳ ሰያፉን ማስቀረት አይገባም። አራት ማዕዘን ያለው ነገር ሲገፉት ይጣመማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን አይጣመምም።

በቦርከና ሸለቆና በሌሎች ሜዳማ ቦታዎች እንደሚታየው አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱንም ይዞ ይነሳል ይወርዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ጉድጓዱን ጠለቅ ማድረግና ከቤቱ ዙሪያ ውሃውን የሚያርቅ ቦይ መቅደድ ግድ ነው። ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ሰው፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ተዳፋት ያልሆነ ጓሮ መፈለግ ከባድ ነው፣ ቦዩ ከቤቱ በላይ በኩል መውጣት አለበት።

የትኛው እንጨት ይመረጥ?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ በዛፉ ስም ይመለሳል፤ ከስሙ በፊት ግን የእንጨቱ የትኛው ክፍል እንደሆነ መታየት አለበት። አንድ ግንድ ተቆርጦ አፉ ሲታይ በአብዛኛው ሁለት ቀለም አለው፦ በዳር በኩል ነጣ ያለ ቀለበት፣ በመሐል ጠቆር ወይም ቀላ ያለ ክፍል። የመሐሉ ልብ ይባላል። ዛፉ ሲያድግ በልቡ ውስጥ ፈንገስና ነፍሳት የማይወዷቸውን ንጥረ ነገሮች ያከማቻል፤ የጥንካሬው ምሥጢር ይህ ነው። ነጩ ክፍል ግን የዛፉን ምግብና ውሃ ሲያመላልስ የነበረ ስለሆነ ለፈንገሱም ለቁንቁኑም ተስማሚ ነው። የየትኛውም ዛፍ ነጭ ክፍል መሬት ነክቶ አይበረክትም፤ የጽድም ቢሆን።

ይህ በገበያ ላይ አንድ ነገር ይለውጣል። ገና በለጋነቱ የተቆረጠ ቀጭን አጣና ከሞላ ጎደል ነጭ ክፍል ብቻ ነው። ዐሥር ቀጫጭን ከመግዛት ዕድሜ ካለው ዛፍ የወጡ ስድስት ወፋፍራሞችን መግዛት በመቁጠሪያ ሲታይ ክሳራ ይመስላል፤ በቤቱ ዕድሜ ሲታይ ግን ትርፍ ነው። ከመግዛት በፊት የአፉን ቀለም ማየት ምንም ወጪ የለውም።

በወሎ በቀላሉ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ የአብዛኛው ቤት አጥንት ሆኗል። ደጋ ላይ የሚበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ቆላና ወይና ደጋ ላይ ቀይ ባሕር ዛፍ ይበዛል። ከሁለቱ የቀዩ ልብ መበስበስንና ምስጥን በተሻለ ይቋቋማል፤ ስለዚህ ለቋሚ የሚገኝ ከሆነ ተመራጭ ነው። ነጩ ለማገር፣ ለወራጅና ከዝናብ ለተከለለ ሥራ ሁሉ ይበቃል። ድንጋይ ላይ ከቆመም ለቋሚነት አያንስም።

ጽድ ሲባል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚህ ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ዛፎች ናቸውና። የሐበሻ ጽድ ልቡ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፤ ሲፋቅም አዲስ የተቀረጸ እርሳስ የሚያስታውስ ጠንካራ ሽታ አለው። ምስጥንም መበስበስንም በመቋቋም ከአገራችን እንጨቶች ፊተኛው ነው። የፈረንጅ ጽድ ደግሞ በየጓሮውና በየተቋሙ አጥር የሚተከለው ነው፤ እንጨቱ ፈዘዝ ያለ፣ ሽታውም ለስለስ ያለ ነው። ለጣውላና ለሞራሌ ጥሩ ሲሆን መሬት ከነካ ግን ከሐበሻው ጋር አይወዳደርም። ሻጩ “ጽድ ነው” ሲል ባይዋሽም፣ የትኛው ጽድ እንደሆነ ካልተጠየቀ ገዢው የአንዱን ዋጋ ከፍሎ ሌላውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የሐበሻ ጽድ ሌላም ጉዳይ አለበት። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ የደን አዋጁ ከዚያ ወዲህ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ደን ዓይነቱ ቅሪት ስንት እንደቀረ የሚያውቅ ሰው ለማገዶ ማስቀመጫ ሲል አዲስ የተቆረጠ የሐበሻ ጽድ መግዛቱ አይዋጥለትም። ሕጋዊውና ርካሹ መንገድ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጽድ መፈለግ ነው። አሮጌነቱ ጉድለት አይደለም፤ ደርቋል፣ የሚጣመመው ተጣሟል፣ ነጩ ክፍሉም ተበልቶ ካለቀ የቀረው ልቡ ነው። ምስማሮቹን ነቅሎ መጠቀም ነው።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ፦ ብሳና ቶሎ ይበላል፤ ግራቪሊያ ለግድግዳ ጣውላ ይሆናል፣ ለቋሚ አይሆንም። ችፑድ፣ ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ እርጥበት ሲነካው እንደ ራሰ ዳቦ ያብጣል፤ ለቤት ውስጥ ቁም ሣጥን የተሠራ ኮምፖርሳቶም ክረምት ሲመታው ንብርብሩ ይላቀቃል። ሁለቱም ለውጭ ግድግዳ አይታሰቡም። ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ዕቃ የሚመጣበት የፓሌት እንጨት ከተገኘ ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ማኅተሙ ላይ “ኤች ቲ” የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ እንጨቱ ነፍሳት እንዲሞቱ በሙቀት የታከመ ነው ማለት ነው፤ “ኤም ቢ” የሚል ከሆነ በመርዛማ ጋዝ ታጥኗልና ቢቀር ይሻላል። የሙቀቱ ሕክምና የነበሩትን ነፍሳት ይገድላል እንጂ ከመበስበስ አይጠብቅም፤ ፓሌቱ ለግድግዳ እንጂ ለእግር አይሆንም።

እርጥብ እንጨት ቢገዛ ምን ችግር አለው?

ዛሬ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በውስጡ ከደረቅ ክብደቱ ጋር የሚቀራረብ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ያ ውሃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀጥናል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ባሕር ዛፍ በዚህ ጠባዩ ከብዙ ዛፎች የከፋ ነው። ይህ ሁሉ ከመቸንከሩ በፊት ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ከሆነ ግን በሩ አይገጥምም፣ ምስማሩ ይላላል፣ በጣውላዎቹ መሐል ጣት ያልፋል። አናጺዎች እርጥቡን የሚወዱት ደረቅ ባሕር ዛፍ ምስማር ስለሚያጎብጥ ነው፤ እውነታቸውን ነው፣ ነገር ግን መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ቢበጅ ደረቁም እሺ ይላል።

ጊዜውን መምረጥ ብዙ ገንዘብ ያድናል። እንጨቱ ክረምት እንዳበቃ በጥቅምት ወይም በኅዳር ተገዝቶ፣ ቅርፊቱ ወዲያው ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ እየተጋደመ በንብርብሮቹ መሐል ቀጫጭን እንጨት ተደርጎ ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ የበጋው ነፋስ ያደርቀዋል። በወሎ ደጋ የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል፣ ያልተከደነ ክምር እንደገና እንዳይርስ መጠንቀቅ ያሻል። ቅርፊቱን “በኋላ እልጠዋለሁ” ማለት በሦስት መንገድ ይጎዳል፤ እርጥቡን ይይዛል፣ ለቁንቁንም መጠለያ ይሆናል፣ ሲደርቅ ደግሞ በቀላሉ አይላጥም።

መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከክምሩ አንድ አጭር ቁራጭ ምልክት ይደረግበትና በየሁለት ሳምንቱ በባለሱቅ ሚዛን ይመዘናል። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ለደሴና ለባቲ አንድ ዓይነት ቤት ይሆናልን?

አይሆንም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ የሰዓት መንገድ በማይሞላ ርቀት ላይ ብትሆንም 600 ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ ባቲና ቆቦ ከዚያም በታች ናቸው። ደጋው ላይ ዋናው ጠላት የማይደርቅ እርጥበት ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ ፀሐዩ እንጨቱን ቶሎ ያደርቃል፤ በምትኩ ምስጥ ይበረታል።

ምስጥ እንደ ፈንገስ እርጥብ እንጨት እስኪገኝ አይጠብቅም፤ እርጥበቱን ከመሬት ይዞ ይመጣል። ከብርሃንና ከድርቀት የሚሸሽ ስለሆነ ከመሬት ወደ እንጨቱ የሚወጣው በጭቃ በሠራው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ቋሚው የተቀበረ ከሆነ መንገዱ ከመሬት በታች ስለሆነ ማንም አያየውም፤ የሚታወቀው ቤቱ ባዶ ቀፎ ከሆነ በኋላ ነው። ቋሚው ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ከቆመ፣ በድንጋዩና በእንጨቱ መሐልም በየዳሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ወደ ታች የታጠፈ ላሜራ ከገባ፣ ምስጡ መንገዱን በድንጋዩ ገጽና በላሜራው ላይ በገሃድ መሥራት ይኖርበታል። ላሜራው ምስጡን አያግደውም፤ ያጋልጠዋል እንጂ። በየሳምንቱ ዓይኑን ጣል የሚያደርግ ሰው የጭቃውን መስመር በመጥረጊያ ማፍረስ ይችላል።

የተቃጠለ ዘይት መቀባት ይጠቅማልን?

በየሰፈሩ የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፤ የሞተር አሮጌ ዘይት ከጋራዥ በርካሽ ይገኛል። ዘይቱ ውሃን ለጊዜው ይገፋል፣ ነገር ግን ወደ እንጨቱ ጠልቆ ስለማይገባ ስንጥቅ ሲከፈት ጥበቃው ያበቃል። ከሞተሩ የወሰዳቸው ጎጂ ብረቶችም ከዘይቱ ጋር ወደ አፈሩ ይወርዳሉ። እህል፣ በርበሬ ወይም መኖ በሚቀመጥበት ቤትና ጎመን በተተከለበት ጓሮ አጠገብ ባይደረግ ይመረጣል።

የቋሚውን ጫፍ በእሳት መለብለብ የቆየ ዘዴ ነው፤ የከሰለው ገጽ ለፈንገስ አይመችም፤ ጥበቃው ግን የላዩን ብቻ ስለሆነ ዕድሜ ቢጨምር ጥቂት ነው። በፋብሪካ በግፊት መድኃኒት የተነከረ እንጨት፣ እንደ መብራትና ስልክ ምሰሶ ያለው፣ ለመሬት ንክኪ በእርግጥ ይሠራል። ካገኙት ቁርጥራጩን ምጣድ ሥር አያስገቡ፤ አረንጓዴ መልክ ያለው አርሴኒክ ሊኖረው ይችላልና ጭሱም አመዱም መርዝ ነው።

ቀለምና ቫርኒሽ ጥሩ ናቸው፣ በጀት ካለ። ፀሐይ የመታው እንጨት ሽበት ቢያወጣ አያስደንግጥ፤ ግራጫው የገጽ ለውጥ እንጂ ብስባሴ አይደለም።

ጣሪያው ላይ ምን ይቆጠባል?

ጥቂት። እግሩን ካዳንን በኋላ ቀሪውን ገንዘብ የሚበላው ጣሪያው መሆን አለበት። 2 በ3 ሜትር የሆነ ቤት ክዳኑ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ የጣሪያው ስፋት ከ9 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከዚያች ትንሽ ጣሪያ 280 ሊትር፣ ማለትም ባለ20 ሊትሩ 14 ጀሪካን ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ግድግዳው ሥር ቢፈስ መሬቱን እየመታ ጭቃውን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ ይረጫል፤ የታችኛው ጣውላ ቀድሞ የሚበሰብሰውም በዚህ ነው። ወጣ ያለ ክዳን ጠብታውን ከግድግዳው ያርቃል። ውሃው ወደ በርሜል የሚገባበት አሸንዳ ቢጨመር ደግሞ ጓሮውም ይጠቀማል።

ቆርቆሮ ሲገዛ “ጌጅ” የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ32 ጌጁ ከባለ28ቱ የቀጠነ ነው። ምስማሩ ከነጎማው የሚመታው ውሃው በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ሳይሆን በጉብታው ላይ ነው። ጣሪያው በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት ሲበርድ ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል ስለሚያልበው፣ ከክዳኑ ሥር አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶ አይጥ እንዳትገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል።

እሺ፣ የሚቆጠበውስ የት ነው?

ግድግዳው ላይ። እግሩ ከመሬት ከራቀና ክዳኑ ከሸፈነው ግድግዳው ቀላል ሥራ ነው ያለው። ከግንድ ጎን የሚነሳው ባለቅርፊት ጣውላ ቅርፊቱ ተልጦ፣ የፓሌት እንጨት፣ የፈረሰ በር፣ ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ፣ ሁሉም ይሆናሉ። ጣውላው በአግድም ከተመታ የላይኛው በታችኛው ላይ እንደ ቆርቆሮ ይደረብ። ለማገዶ ብቻ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ክፍተት ቢኖረው ይመረጣል፤ ነፋሱ እንጨቱን ያደርቅለታል። መስታወት ያለው መስኮት፣ የተቀረጸ በር፣ የሚያምር ኮርኒስ ለዕቃ ቤት ትርፍ ናቸው።

ዋጋ ሲነጻጸር የመጀመሪያውን ቀን ወጪ ብቻ ማየት ያታልላል። ለስሌት ያህል፣ በ20 ሺህ ብር ተሠርቶ 4 ዓመት የሚቆይ ቤት በዓመት 5 ሺህ ያስወጣል፤ በ30 ሺህ ብር ተሠርቶ 12 ዓመት የሚቆይ ግን በዓመት 2,500 ብቻ። የ10 ሺህ ልዩነቱ ለድንጋዩ፣ ለሲሚንቶው፣ ለክዳኑ ውፍረትና ለመድረቂያው ጊዜ የተከፈለ ነው።

ተሠርቶ የቆመ ቤት የሚገዛ ሰው ከቀለሙ ይልቅ የቋሚውን እግር፣ የሰያፉን መኖርና የጣሪያውን መውጣት ይይ። ቤቱን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቢወዛወዝ ይተወው። ከመሥራቱ በፊት ቀበሌውን ወይም ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ፣ ከማድቤቱም ማራቅ እንዳይረሳ።

የእኔን ቤት ያ አናጺ አላፈረሰውም። ጣሪያውን በግንድ ደግፎ አራቱን ቋሚዎች በየተራ ከታመሙበት በላይ ቆረጣቸውና በተቆረጠው ልክ ድንጋይ ካበባቸው፤ በየግድግዳውም ሰያፍ መታ። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከቤቱ ሥር የተከማቸውን አፈርና ቅጠል እጠርጋለሁ፤ አራቱንም እግሮች በሰንጢ እወጋለሁ፤ ስለቱ ከጥፍር ውፍረት አልፎ ካልገባ ማገዶውን ማስገባት እጀምራለሁ።